ሙሽራ ያልናት ማጨጃ

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ እውነት ነው። አንዲት ቃል ጨምሬበት ከሆነ እጄ ይድረቅ፤ ግራው ሳይሆን ቀኙ፣ የምበላበት። የሚያውቁኝ ይስቁ ይሆናል፤ ይሳቁ። ትምህርቴን አብዛኛውን የተከታተልኩት ከክፍል ውጭ ተንበርክኬ ስለሆነ ጽሑፌ ቢንጋደድ ይቅር በሉኝ። ነገሩ ግን ቀጥ ያለ ነው።

አጎቴ የኳስ ሜዳ ሣር አጫጅ ነበር፣ እኔ መስመር ቀቢ። እሱ ያጨደው ላይ እኔ በኖራ አሰምራለሁ። ማጨጃዋ ባለሞተር ናት፤ እጀታዋ ላይ ያለውን ዘንግ ከጨበጡት በራሷ ጎማ ትሄዳለች። ከኋላዋ መከተል ብቻ ነው። በዚያ ሰሞን ግን መንቀርፈፍ ጀመረች። ከመንቀርፈፏ የተነሣ ስሟን «ሙሽራ» አልናት። ቀንድ አውጣ ሲቀድማት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፤ ያውም ካለፋት በኋላ ዘወር ብሎ በሐዘኔታ አያት። ከዚህኛው ጎል ተነሥታ እዚያኛው እስክትደርስ ከኋላዋ ያለው ሣር አድጎ ይጠብቃታል።

አጎቴና እትዬ የምላት ሚስቱ የሚኖሩት ከተመልካች መቀመጫው ሥር ባለች ክፍል ነው። ጣሪያዋ የደረጃው ሆድ ስለሆነ አልጋው ጋ ቀጥ ብሎ መቆም አይቻልም። ጎል በገባ ቁጥር ሕዝቡ ሲዘል አቧራው ሳህን ውስጥ ይራገፋል። ክፍሏ የሥራው ናት፤ ሥራው ከሄደ እሷም ትሄዳለች።

አንድ ጠዋት የሜዳው አለቃ መጣ።

«አባት፣ ቅዳሜ ጨዋታ አለ፤ ሣሩ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ከዚያ በፊት ካላለቀ ሌላ ሰው አመጣለሁ። እሱም ማደሪያ ይፈልጋል።»

«ማሽኗ ናት እኮ፣ አልሄድ አለች» አለ አጎቴ።

«እንግዲያው ትሠራ!»

አጎቴ ቤንዚን ሊያመጣ ሲወጣ፣ ሲመለስ ደስ ይበለው ብዬ ጭስ የምንለውን የሞተር ሳይክል መካኒክ ጠራሁት።

«ምን ሆነች?» አለኝ ጭስ።

«ዘገየች።»

«ሚስቴም ትዘገያለች፤ ብሎን ፈትቼ ግን አላውቅም።»

ሞተሩን አስነሥቶ አዳመጠ። «ድምፅዋ ጤነኛ ነው፣ ሣሩንም ትቆርጣለች። ችግሩ አካሄዷ ላይ ነው።» ሞተሩን አጥፍቶ የካንዴላውን ሽቦ ነቀለና አጋደማት። ከሽፋኑ ሥር እርጥብ ሣር እንደ ትራስ ተጠቅጥቋል፤ በካቻቢቴ ፈልፍሎ አወጣው። ሞከራት፤ ያው ሙሽራ ናት። ጎማዎቹን የሚያዞረውን ቺንጋ በጣቱ ዳበሰ፤ አልተሰነጠቀም። ጎማዎቹን ፈትቶ ውስጣቸውን አየ። «ጥርሳቸው ከኔ ይሻላል» አለ። በመጨረሻ ከእጀታው ወደ ታች የሚወርደውን ካቦ በጣቱ ተከትሎ ሄዶ ቆመ።

«ይሄን ማን ነካው?»

«ማንም።»

«ከመላላቱ የተነሣ ቺንጋውን አይወጥረውም፤ ለዚህ ነው የሚንሸራተተው። ካቦው የሚጠብቅበት ዳዶ ላይ ደግሞ አዲስ የቁልፍ ጭረት አለ። በራሱ የላላ ዳዶ አይጫርም።»

«ምቀኛ ነው!» አልኩ። «ቦታውን የሚፈልግ ሰው አለ።»

«ምቀኛ አታሳጣኝ ይባል የለ?» አለና ካቦውን አጠበቀው።

ዘንጉን ሲጨብጥ ማሽኗ ጎትታ ይዛው ሄደች። «ኧረ ሙሽራዋ ኮበለለች!» እያለ ሲከተላት አጎቴ ጀሪካኑን ይዞ በበሩ ገባ። አለቃው ከደረጃው ላይ ሆኖ ያይ ነበርና አጨበጨበ።

«ይኸው ተሠራች! በሉ አባት፣ ሰበብ አለቀ።»

የአጎቴ ፊት የኔን ኖራ መሰለ። ክንዴን ይዞ ወደ ጎሉ ጥግ ወሰደኝ።

«ካቦውን ነካችሁት?»

«አዎ ጋሼ! አንድ ምቀኛ አላልቶት…»

«እኔ ነኝ ያላላሁት።»

ሳቅሁ። በቤተሰባችን የሚቀልደው ግን እኔ ነኝ እንጂ እሱ አይደለም።

«ደረቴ ነው» አለኝ። «እኩል ልራመዳት አልቻልኩም። ትንፋሼ ባጠረ ቁጥር ዳዶውን ፈታ አደርጋለሁ። ከተኛሁ ያፍነኛል፤ ተቀምጬ ነው የማድረው።»

«ታዲያ ለምን አትናገርም?»

«ለታመመ ማሽን መካኒክ ይጠራል። ለታመመ አጫጅ የሚጠራው ሌላ አጫጅ ነው።»

«በል እኔ ልያዛት።»

«ሰውዬው እያየ? እትዬህን ሜዳ ላይ ልታሳድራት ነው?»

ሄዶ ዘንጉን ጨበጠ።

እኔ ወደ አለቃው ሮጥኩ። «አለቃ፣ ቢሮ ስልክ ይጠብቅዎታል! ትልቅ ሰው ናቸው!»

«ባለፈው ቢሮዎ ተቃጠለ ብለኸኝ ባልዲ ተሸክሜ ሮጫለሁ።»

«የዛሬው እውነት ነው!»

«ምላስህ ላይ ሣር ይብቀልበት። ቁጭ በል!»

እውነቱን ላወጣው አፌን ከፈትኩ። አጎቴ ከሜዳው መሀል አየኝና ራሱን ነቀነቀ። አፌን ዘጋሁ።

ሲጀምር በደህና ተከተላት። ሲመለስ እየጎተተችው ነበር፤ ኮቱ ተከፍቶ፣ አንገቱ ከትከሻው ቀድሞ። እትዬ በክፍሏ በር ቆማ መቃኑን ጨብጣለች፤ አትጠራውም። ጭስ መሣሪያውን እየሰበሰበ ያፏጫል፣ ምኑንም አያውቅ። ፍጹም ቅጣት ምት ክልሉ ጋ ሲደርስ የማሽኗ ድምፅ ተቋረጠ። ዘንጉ ሲለቀቅ ሞተሩ ይጠፋል፤ አሠራሯ ነው። ሁላችንም የዞርነው ያን ጊዜ ነው።

በጉልበቱ ተንበርክኮ ነበር፤ ከዚያ በጎኑ ወደቀ። ደርሼ ጭንቅላቱን አቀፍኩት። ማሽኗን በዓይኑ ፈለጋት፣ ፈገግ አለና «ይቺን ሙሽራ ሩጫ ማን አስተማራት?» አለ። በዚያው አለፈ።

ቅዳሜ ጨዋታው ነበረ። የቀረውን ሣር ሌላ ሰው አጨደው። የእትዬ አልጋ በበሩ አልወጣ ብሎ ጭስ ብሎኑን ፈታታው፤ አንድም ቀልድ ሳይናገር።

እንግዲህ የነገርኳችሁ እንዳለ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ፈጥሬአለሁ። አጎቴ ስለ ሙሽራዋ ምንም አላለም፤ ፈገግም አላለም። ስደርስ ትንፋሽ አልነበረውም፣ የታጨደ ሣር ከንፈሩ ላይ ተለጥፎ ነበር። እትዬ ግን አጠገቤ ተንበርክካ «ምን አለ? ምን አለህ?» ብላ ስትይዘኝ ባዶዬን ልቀርባት አልቻልኩም።