ንጹሑን ውሃ ማን አበራው?

አንዲት ብልቃጥ ውሃ ሰባት ወር ሙሉ ሰውን ፍዳ ታበላለች ቢባል ማን ያምናል? አንዲትን የዶክትሬት ተማሪ ግን አብልታታለች። የቀመመችው ፈሳሽ ነገሩ ቀላል ነው፤ ውሃ ውስጥ ቅንጣት ታህል ዚንክ ካገኘ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር አረንጓዴ ይበራል፤ ካላገኘ ጭልም ይላል። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ሲገባ እንግዲህ መጨለም አለበት አይደል? አንዳንድ ቀን ይጨልማል፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ እንደ ሰርግ ቤት ቦግ ይላል!

የአማካሪዋ የፕሮፌሰሩ ቃል አንድ ነው። «ንጹሕ ውሃ ዓይኔ እያየ ካልጨለመ አልፈርምም።» ፊርማው ከሌለ ዓርብ ፈታኞች ፊት መቅረብ የለም፤ ካልቀረበች ዶክትሬቱ ቀረ፤ የአምስት ዓመት ድካሟን ውሃ በላው ማለት ነው። እናቷ ደግሞ ልጄ ዶክተር ሆነች ብለው ለጎረቤቱ ሁሉ አውርተው ጨርሰዋል። በየቀኑ ይደውላሉ።

«ዶክተሬ፣ ዛሬስ ያ ውሃሽ ጠፋልሽ?»

«በርቷል እማዬ።»

«ዓይን ነው ልጄ፣ ዓይን በልቶሻል! ለሰው አታሳዪው እያልኩሽ!»

ለፕሮፌሰሩ ግን እንዴት አታሳይ? እሳቸው ይመጣሉ፤ ብልቃጧ ላይ ጎንበስ ይላሉ፤ ያቺ ከይሲ ቦግ! «እጅሽን ታጠቢ አላልኩሽም?» ብለው በሰው ፊት ይቆጧትና፣ በስልሳ ዓመታቸው አንዲት ገላጣ የሌለበትን ያንን የሚኮሩበትን ፀጉራቸውን በመዳፋቸው ወደ ኋላ አስተኝተው ይወጣሉ። ምስኪን፣ ከመታጠብ ብዛት የእጇ ቆዳ ተልጦ ነበር።

ረቡዕ ዕለት፣ የላቦራቶሪውን ዕቃ ሲያጥቡ ሠላሳ ዓመት የሞላቸውና በዚሁ ሥራቸው ጋሽ ጠርሙስ የሚባሉት ሽማግሌ ጠጋ አሏት።

«ልጄ፣ አትቆጪኝና፣ ፕሮፌሰሩ ሲመጡ ነው እኮ የሚበራው።»

«ምን ማለትዎ ነው ጋሼ?»

«እኔ ምን አውቄ! ብቻ እሳቸው በወጡ ቁጥር ጠረጴዛው ላይ ነጭ ነጭ ነገር እጠርጋለሁ።»

ተማሪዋ ከጠረጴዛው ላይ አንዷን ነጭ ቅንጣት አንስታ ፈሳሿን ጠብ አደረገችባት። አረንጓዴ! ፎረፎር ነው። የፎረፎር ሻምፖ ደግሞ ዚንክ አለበት፤ በየጠርሙሱ ላይ ተጽፏል።

«ወይኔ ጉዴ! ማን ይንገራቸው?»

«ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» አሉ ጋሽ ጠርሙስ መጥረጊያቸውን እያነሡ። «እኔ ለጡረታ ሁለት ወር ነው የቀረኝ፤ በይ ደህና ዋይ።» ውልቅ አሉ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ሐሙስ ፕሮፌሰሩ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው፣ ውሃው እንደ ልማዱ ቦግ ሲል፣ «ይቅርታ ፕሮፌሰር» አለችና የኮታቸው ትከሻ ላይ ፈሳሹን ጠብ ጠብ አድርጋ መብራቱን አዞረችው። ጥቁሩ ኮት አረንጓዴ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ሆነ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የ... የሻምፖዎ ዚንክ ይመስለኛል።»

ፕሮፌሰሩ ትከሻቸውን ብዙ አዩት። ከዚያ በሩ ጋ ሄደው ቆሙና አዲስ ውሃ እንድትሞክር በጣታቸው አመለከቷት። ጭልም አለ። መጥተው ፈረሙ። «ስሜ እንዳይነሣ!» ብለው በሩን ድርግም አድርገው ወጡ።

ዓርብ እናቷ የፊተኛው ወንበር ላይ ተሰይመዋል። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ ጽሑፏን እያገላበጡ መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሰባት ወር ንጹሕ ውሃሽ ሲበራ ነበር። ዚንኩ ከየት መጣ? ይህን ካልነገርሽኝ ይህን ሥራ እንዴት ልመነው?»

«ከ... ከላይ የወረደ ነገር ነው።»

«ከላይ? ከሰማይ?»

ሰዉ ሳቀ። እናቷ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ይጸልያሉ። ተማሪዋ ብትናገር የመምህሯን ስም ልታዋርድ ነው፤ ዝም ብትል ራሷ ወደቀች። ወረቀቷን አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

ያኔ ፕሮፌሰሩ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ከእኔ ራስ ነው» አሉ። «ፎረፎር አለብኝ። የምታጠብበት ሻምፖ ዚንክ አለው፤ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ብልቃጡ ውስጥ ሲረግፍ ኖሯል። ምንጩን ያገኘችው እሷ ናት፤ ያልተናገረችው እኔ ስለከለከልኳት ነው። እኔ በሰው ፊት እጅሽ ቆሻሻ ነው ስላት ከርሜያለሁና፣ በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቃታለሁ።»

ተማሪዋ ሰባት ወር የያዘችው እንባ ዱብ ዱብ አለ፤ አልጠረገችውም።

«ሌላ ጥያቄ የለኝም» አሉ ፈታኙ። ከዚያም ለማሳያ ፊታቸው የተቀመጠችውን ብልቃጥ በጣታቸው ጫፍ ገፋ ገፋ አድርገው አራቋትና፣ ወደ ገዛ ፀጉራቸው መሄድ የጀመረውን እጃቸውን መንገድ ላይ መለሱት።