የእትዬ ሓዳስ መስመር

ይሉኝታ ሰው አይገድልም የሚል ካለ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ እምሩን ይጠይቀው።

ሐምሌ ነው። የእምሩ ቤት ከውጭ ይልቅ ውስጡ ይበርዳል። ቆርቆሮው ሌሊት ያላበውን ጠዋት ጠዋት በአቡጀዴው ኮርኒስ ላይ ያንጠባጥባል፤ የሁለት ዓመት ልጁ ናዝራዊትም ሳል አልለቃት አለ። እምሩ ይኼ ሲያማርረው ጋሽ ኪሮስን ጠራ። ጋሽ ኪሮስ ስድሳን የተሻገሩ አናጢ ናቸው፤ የሰፈሩን ጣሪያ እንደ ጓዳቸው ያውቁታል።

ከሰዓት በኋላ፣ ሰማዩ ጠቁሮ በየቤቱ መብራት በርቶ ሳለ፣ ሽማግሌው በመሰላል ወጥተው እስከ ወገባቸው ኮርኒሱ ውስጥ ገቡ። ከላይ ሆነው ጠየቁት።

«ይኼ ገመድ የማን ነው? የናንተን አጥፍቻለሁ፤ ይኼ ግን በላያችሁ አልፎ ወደ ጓሮ ይሄዳል።»

«የእትዬ ሓዳስ ነው ጋሼ። ቤታቸው ከኋላ ስለሆነ እናቴ ናት በኛ ጣሪያ ያሳለፈችላቸው።»

«የተቀጠለበት ቦታ ናስትሮው ረግፎ መዳቡ አግጥጧል። እንጨቱ ደግሞ በስብሷል፣ ውሃ ነው። በዚህ ላይ የብርድ መከላከያውን ፋይበር ከደፋሁበት ገመዱ ታፍኖ አንድ ቀን ከነልጅህ ያነድሃል። እንጨቱ ይድረቅ፤ ገመዱንም ቆርጬ አዲስ እቀጥልና ከፍ አድርጌ አስረዋለሁ። ሂድ፣ ከቆጣሪያቸው አስጠፋልኝ።»

እምሩ ሄደ። የእትዬ ሓዳስ በር ላይ ሲደርስ ለማንኳኳት ያነሳው እጁ አየር ላይ ቀረ። ውስጥ የማኅበር ሰዎች ተሰብስበው ይሳሳቃሉ። እናቱን አስታመው የቀበሩለት እኚህ ሴት ናቸው፤ እናቱም ስትሞት «የሓዳስን መብራት እንዳትነካባት» ብላዋለች። አሁን በእንግዳ ፊት ገብቶ መብራትዎን ያጥፉልኝ ሊል ነው? ሰው ምን ይላል! ነገ ጠዋት እነግራቸዋለሁ አለና ተመለሰ። ለጋሽ ኪሮስም ዛሬ ገመዱን ይተዉት ሊላቸው አስቦ ነበር።

ገና ደፉን ሲረግጥ ከላይ ድምፅ መጣ። «አስጠፋህ?»

«አዎ» አለ። ምላሱ ቀደመው፤ ሳይጠይቅ መመለሱን መናገር አፍሮ።

«ጊዮርጊስን በል።»

የሰፈሩ ልጅ ለአንድ ማኪያቶ እንኳ ጊዮርጊስን ብሎ የሚምል ነው። «ጊዮርጊስን!»

ጋሽ ኪሮስ አመኑት። ለምን አያምኑት? በስሙ እየማለ ያደገ፣ ከሚድህበት ጊዜ ጀምሮ የሚያውቁት ልጅ ነው። ፒንሳቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

እምሩ መሰላሉን ይዞ ቆመ። ቆይ ጋሼ፣ ዋሽቻለሁ ማለት ሦስት ቃል ነው። በሐሰት ማልሁ ብሎ ሽማግሌ ፊት መቆም ግን እንዴት ይከብዳል! እርጥቡ እንጨት ከበላያቸው ሲንቋቋ ሰማ። አሁን እላለሁ አለ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ አሁን እላለሁ አለ።

«ጋሼ!» ብሎ ሲጮህ ከላይ ሰማያዊ ብልጭታ አየ።

ሽማግሌው አቡጀዴውን ቀደው ወደቁ። እምሩ ጭንቅላታቸውን ጭኑ ላይ አድርጎ ደጋግሞ ጠራቸው። ትንፋሽ የለም። ደረታቸውን ተጫነ፣ ጮኸ፣ እንደገና ተጫነ። ምንም የለም።

እትዬ ሓዳስ ነጠላቸውን እያስተካከሉ በሩን ገፋ አደረጉ። «እምሩ ወደይ፣ ልጄ፣ መብራት ጠፋብን። ጣሪያ እየሠራችሁ ነው አሉ፤ ምነው ብትነግረኝ? ራሴ አጠፋልህ አልነበር? እንግዳ እንደሆነ ሻማም ይበቃዋል።»

ከዚያ መሬት ላይ ያለውን ሰው አዩ። ቀስ ብለው ተንበረከኩ፣ ዓይኑንም በመዳፋቸው ከደኑለት።

«ኪሮስ» አሉ፣ «ሳያስጠፋ ገመድ የሚነካ ሰው አልነበረም።» ቀና ብለውም እምሩን አዩት።