የሎሚው ካርድ

ሣህሉ ሃያ ሁለት ዓመት በድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ ዕቃ ክፍል ሲሠራ የሻንጣ ቁጥር አንብቦ አያውቅም። መንገደኛው ገና በሩ ላይ ሲቆም ፊቱን አይቶ «ያንተ ያ በገመድ የታሰረው ነው» ብሎ ያወጣለታል። ተሳስቶም አያውቅም፤ ቢያንስ እሱ ሲያወራው እንደዚያ ነው። ጉልበቱን ሲያመው ጣቢያውን ትቶ በአንዲት ትንሽ የሕዝብ ንባብ ቤት ተቀጠረ። ሙያውንም ይዞ ገባ። መጽሐፍስ ቢሆን ሻንጣ አይደል? ቀለም አለው፣ ውፍረት አለው፣ የሚቀመጥበት ቦታ አለው።

ንባብ ቤቷን ያደራጀችው ሰርካዲስ የምትባል ሴት ነበረች። አዲስ አበባ ሦስት ወር ሠልጥና መጥታ፣ ለየመጽሐፉ የመደርደሪያ ቁጥሩን የያዘ ካርድ በእጇ ጽፋ፣ ካርዶቹን በየርዕሳቸው ከሀ እስከ ፐ በመሳቢያ ደርድራ፣ እንዳይበታተኑ በቀጭን የብረት ዘንግ ሰክታቸዋለች። ወደ ሐረር ሲያዛውሯት ሣጥኑን ዳበስ አድርጋ፣

«መጽሐፍ ከቦታው ቢጠፋ ይፈለጋል። ካርዱ ከጠፋ ግን መጽሐፉ እያለ የለም ማለት ነው» አለችው።

ሣህሉ ራሱን ነቀነቀ። ሰው ሥራውን ሲወድ ደስ ይላል ብሎ አሰበ።

ጊዜው ደብተር በወረፋ የሚገኝበት ነበር፤ ያውም ከተገኘ። ተማሪዎቹ ይመጡና «ጋሼ፣ ወረቀት አለህ?» ይሉታል። ድሬ ነውና ትልቁም ትንሹም አንተ ነው የሚባባለው። ሣህሉ ወረቀት የለውም። ካርድ ግን አለው፤ ጠንካራ፣ ነጭ፣ በስተጀርባው ምንም ያልተጻፈበት። እሱ እንደሆነ መጽሐፎቹን በዓይኑ ያውቃቸዋል፤ ምን ያደርግለታል? ዘንጉን ፈትቶ አንድ ሰጠ። በማግስቱ ሁለት። ሥርዓት የሌለው ሰው አይደለምና እየዘለለ አልሰጠም፤ ከሀ ጀምሮ በተራ ነው። በአራት ዓመት ውስጥ «መ»ን ጨርሶ «ሠ» ላይ ደርሶ ነበር።

በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ጥቅምት ላይ ደብዳቤ መጣ። የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ስለየአካባቢያቸው ጥናት ስለሚጽፉ፣ የንባብ ቤቱ ሠራተኛ ሐሙስ ዕለት በካርድ መጽሐፍ የማፈላለግ ዘዴን እንዲያስተምር፤ ጓዲት ሰርካዲስም ከሐረር መጥታ እንድትመለከት ተወስኗል ይላል። ከግርጌው እንደ ወትሮው መፈክር አለ።

ሣህሉ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበ። ረቡዕ ከሰዓት የሳሙና ካርቶን ከሱቅ ለምኖ አመጣ፤ በካርዱ ልክ ቆራረጠው፣ በምስማር በሳው፣ ባዶዎቹን መሳቢያዎች ሞላ። የሚጠይቃቸውንም ርዕሶች መረጠ፦ ወባ፣ ዓሣ፣ ጤፍ። ሁሉም ከ«ሠ» በኋላ ናቸው።

ሐሙስ ዕለት አጀማመሩ ጥሩ ነበር። ሠላሳ ተማሪ በዚያች ክፍል ውስጥ ላቡን እየጠረገ ቆሞ ሰማው። ቱሪያ የምትባለውን ፈጣን ልጅ ጠርቶ «ወባን ፈልጊ» አላት። ፈለገች፤ ካርዱን አገኘች፤ በቁጥሩ ሄዳ መጽሐፉን አመጣች። ተጨበጨበ። ከኋላ የተቀመጠችው ሰርካዲስ ማስታወሻዋ ላይ አንድ ነገር ጻፈችና፣

«አሁን ደግሞ ርዕሱን ራሳቸው ይምረጡ» አለች።

ሃዎ እጇን አወጣች። ከመልካ ጀብዱ የምትመላለስ ዝምተኛ ልጅ ናት።

«ሎሚ» አለች።

«ወርያ፣ ሎሚ የሚፈለገው ቀፊራ ገበያ ነው!» አለ አብዲቃድር፤ ክፍሉ ሳቀ። ሣህሉ ከሁሉም በላይ ሳቀ።

«ሎሚ የለንም፤ አምና ነግሬሻለሁ እኮ።»

«ነግረኸኛል። ካርዱስ ምን ይላል ብዬ ነው።»

አምና መጥታ ነበር። የአባቷ የሎሚ ዛፎች ቅጠላቸው እየተጠቀለለ ይረግፋል፤ ስለሱ የሚያወራ መጽሐፍ አለ ወይ ብላው፣ ሣህሉ መደርደሪያዎቹን ከወንበሩ ሳይነሳ አንድ ጊዜ በዓይኑ ዞሮ «የለም» ብሏት ነበር። ሲናገር አንድ ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበረበትም።

ሃዎ የ«ለ»ን መሳቢያ ሳበች። አንዱን ገለጠች። ሌላውን ገለጠች። ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሳሙና ነው።»

ሳቁ ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። ሰርካዲስ ብድግ አለች። ይኼኔ ቱሪያ፣ ልቧ ደግ ነውና፣ ጋሼዋን ልታድን ተነሳች።

«ኧረ ካርዶቹ አልጠፉም ወላሂ! እኛ ጋ ናቸው! እሱ ራሱ ነው የሰጠን!»

ከደብተሯ መሃል ሦስት ካርድ መዘዘች። አብዲቃድር አምስት አወጣ። ከየደብተሩ ሲመዘዝ ጠረጴዛው ላይ ክምር ሆነ። በጀርባቸው ሒሳብ አለ፣ የአፍሪካ ካርታ አለ፣ «ውዴ ሆይ» ብሎ የቆመም አለ። ሰርካዲስ አንድ በአንድ እየገለበጠች የገዛ እጅ ጽሑፏን አየች። አንደኛው ላይ ቆመች።

«ሎሚ፤ በሽታውና መከላከያው» ብላ አነበበች።

ሣህሉን አላየችውም። ቁጥሩን ይዛ ወደ መደርደሪያው ሄደች፤ ከሁለት ወፍራም መጽሐፎች መካከል አንድ ስስ፣ ግራጫ፣ ጀርባው ላይ ምንም ያልተጻፈበት ነገር መዘዘች። ሁለቱን ወፍራሞች ሣህሉ በየጧቱ አቧራቸውን ያራግፋል።

ሃዎ እየገለጠች ሄዳ አንድ ሥዕል ላይ ደረሰች። የተጠቀለለ ቅጠል ነው።

«ይሄ ነው» አለች።

«ውሰጂው፣ ለአባትሽ አሳዪው» አለቻት ሰርካዲስ።

«አባቴማ በግንቦት ቆርጦ ከሰል አደረጋቸው።»

ለመውቀስ አልነበረም የተናገረችው፤ የመኪና መነሻ ሰዓት እንደሚነግር ሰው ነው። ማንም አልሳቀም። ሣህሉ እጁን የሚያደርግበት አጣና የ«ለ»ን መሳቢያ እጀታ ያዘ።

ተማሪዎቹ ሲወጡ «ወረቀት አልነበራቸውም እኮ» አለ።

«ወረቀት የለም ብለህ ብትጽፍልኝ እልክልህ ነበር» አለች ሰርካዲስ። «የለም ማለት መቼ አቅቶህ ያውቃል?»

ከዚያ በላይ አልተናገረችውም፤ አልከሰሰችውምም። አንድ እሽግ ነጭ ካርድ ከሐረር ላከችለት፤ ቆጥራ፣ ከሚጻፈው አንድም ሳታተርፍ። ክሱ በተሻለው ነበር።

ሣህሉ መጽሐፎቹን እያወረደ ካርድ መጻፍ ጀመረ። በዓይኑ አውቃቸዋለሁ ያላቸውን አንድ በአንድ ሲገልጣቸው የሚያውቀው ልባሳቸውን ኖሯል። የሎሚውን ካርድ ከሁሉም አስቀድሞ ጻፈው።

ሃዎ በሦስተኛው ሳምንት መጣች። እሱን ሳትጠይቅ ወደ ሣጥኑ ሄደች፣ የ«ለ»ን መሳቢያ ሳበች፣ ካርዱን አገኘች፣ ስሱን መጽሐፍ አምጥታ ተቀመጠች። ሣህሉ የተወለወለ ጠረጴዛ ወለወለ። ቆይታ አጠገቡ መጥታ ቆመች።

«ጋሼ ሣህሉ፣ ወረቀት ይኖርዎታል?»

በዚያች ክፍል አንቱ ብሎት የሚያውቅ ልጅ አልነበረም።

«ለምን ነበር?» አለ ቀና ሳይል።

«አባቴ እንደገና ተክሏል። ልገለብጥለት ብዬ ነው።»

ከእሽጉ የቀሩትን ነጭ ካርዶች አየ፤ ሊነካቸው አልደፈረም። ከመሳቢያዎቹ ያወለቃቸውን የሳሙና ካርቶኖች ከጠረጴዛው ሥር አወጣ፤ ንጹሕ ንጹሑን መርጦ፣ በሁለት እጁ ሰጣት።

ሃዎ ተቀብላ፣ እንደዚያ ዕለት አንዱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ሣህሉ ሳቋን ጠበቀ። አልሳቀችም። ሄዳ ተቀመጠችና መገልበጥ ጀመረች።