ነብሮ እና የማይወጣው ቫይረስ

ወርቅ ሠሪው ጋሽ ዑዘይር ድመታቸውን ነብሮን በጋቢ ጠቅልለው ፒያሳ ወዳለች የእንስሳት ሐኪም ወሰዱት። ሌላ ድመት ከነከሰው ወዲህ ከስቶ፣ ድዱ ቆስሎ መብላት አቅቶት ነበር።

ሐኪሟ ፀደንያ ደሙን መርምራ፣ «በሽታ የመከላከል አቅሙን የሚያዳክም ቫይረስ አለበት» አለቻቸው። «ወደ ሰው አይተላለፍም።»

«መድኃኒት አያወጣውም?»

«አያወጣውም፣ ጋሼ። ሴሎቹ ውስጥ ገብቶ ከዘረመላቸው ጋር ተጣብቋል። ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ሊቀመጥ ይችላል፤ ሴሎቹ ሲባዙም አብሮ ይባዛል። ግን ከተንከባከቡት ነብሮም ብዙ ሊኖር ይችላል።»

ጋሽ ዑዘይር ይገደል ትለኛለች ብለው ፈርተው ነበር። «እኔስ ስኳሬን ይዤ አይደል የምኖረው?» አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ።

ድዱ ታክሞ ዳነ። አሁን ነብሮ ሌላ ድመት ነክሶ ቫይረሱን እንዳያስተላልፍ ከወርቅ ሱቁ አይወጣም። ባንኮኒው ላይ ሲተኛ ጋሽ ዑዘይር እንዳይቀሰቅሱት ወርቁን ቀስ እያሉ ይቀጠቅጣሉ።