አራት ዲግሪ፣ አረንጓዴ

ደብዳቤውን አንብቤ ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ተነሣሁ። ስናደድ አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። እትዬ ይህን ስለምታውቅ የወጥ ቤቱን ወንበሮች ከመንገዴ ገፋ ገፋ አድርጋ ሰሃኗን ታጥባለች።

እትዬ ታላቅ እህቴ ናት። በአንድ ጤና ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በነርስነት ሠርታለች፤ የሕፃናት ክትባት የሚቀመጥበት ፍሪጅ ቁልፍም ያለው እሷ ዘንድ ነው። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፍሪጁን ሲከፍቱ ቴርሞሜትሩ አሥራ ሦስት ዲግሪ ያሳይ ነበር ብለው በደብተርዎ ጽፈዋል። ነገር ግን ዘመናዊው የቁጥጥር ሥርዓት ከዓርብ ጀምሮ እስከዚያች ሰዓት ሳያቋርጥ አራት ዲግሪ መዝግቧል። ስለዚህ ክትባቱ የተበላሸው ከዚያ በኋላ በእርስዎ እጅ ነው፤ በደብተሩ የሰፈረውም ሐሰት ነው። ሐሙስ በዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀርበው ከሥራ የማይሰናበቱበትን ምክንያት ያስረዱ።

«ሐሰት!» አልኩ። «አንቺን ነው ሐሰተኛ የሚሉሽ?»

እትዬ እኮ ልጅ ሳለን አንዲት ውሸት ብዋሽ ለእናታችን ሳታሳብቅ የማታድር ሴት ነበረች። ለውሸት ጊዜ ያላት ሰው አይደለችም።

«ማሽኑ አራት ብሏል ይሉኛል» አለች እጇን በፎጣ እያደረቀች። «እኔ በዓይኔ ያየሁት አሥራ ሦስት ነው። አየሁ፣ ጻፍኩ፣ ክትባቱን ለይቼ አስቀመጥኩ፣ ወዲያው ሪፖርት አደረግኩ። ሌላ ምን ላድርግ?»

«ማሽኑን እሳት ይብላውና!» አልኩ። ከዚያ አፌን ያዝኩ። ማሽኑ የእኛ ነው።

የምሠራው በአንድ የምርምር ክፍል ውስጥ ነው። ሥራችን ትንንሽ መሣሪያዎችን ያለ ገመድ፣ በጥቂት ኃይል፣ ከኢንተርኔት ማገናኘት ነው። የክብሪት ቀፎ የምታክል ሴንሰር አለችን፤ በሁለት ትንንሽ ባትሪዎች ለዓመታት እንድትኖር የታሰበች። ዘዴው እንቅልፍ ነው። ትተኛለች፤ በየአሥር ደቂቃው ለአንድ አፍታ ነቅታ ፍሪጁ ስንት ዲግሪ እንደሆነ ትናገራለች፤ ኮሪደር ላይ የተሰቀለችው፣ መልእክቷን ተቀብላ ወደ ኢንተርኔት የምታሻግረው አቀባይ «ሰምቻለሁ» ስትላት ተመልሳ ትተኛለች። እኛ «እንቅልፋሟ» እንላታለን። ሦስት ዓመት ትኖራለች ብለን በየስብሰባው ምለናል፣ ተገዝተናል። ከአምስት ወር በፊት በአሥራ አንድ ጤና ጣቢያዎች ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥናት። እትዬ ዘንድ ያለችውን ያስቀመጥኩት እኔው ነኝ፤ ያን ቀን እትዬ «እህቴ ናት የሠራችው» እያለች ከሐኪም እስከ ዘበኛ አንድም ሰው ሳታስቀር አስተዋወቀችኝ።

በማግሥቱ ቢሮ እንደገባሁ ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ የሰርቨሩን መዝገብ ከፈትኩ። የእትዬ እንቅልፋም ለመጨረሻ ጊዜ የተናገረችው ዓርብ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ተኩል ላይ ነው። አራት ዲግሪ ብላለች። ከዚያ ቅዳሜ ዝም፣ እሑድ ዝም፣ ሰኞ ዝም።

«ባትሪዋ አልቋል» አልኩት ቆጣቢውን። ቆጣቢው የመሣሪያዎቹን እንቅልፍ የሚያሰላው የሥራ ባልደረባዬ ነው። ለአንዲት ጠብታ ኃይል የሚሳሳ፣ መጸዳጃ ቤት ሰው እያለ መብራት የሚያጠፋ ሰው ነው።

«በአምስት ወሯ? አይሆንም» አለ። «እዚህ የሰቀልናቸው ሁለት ዓመት አልፏቸዋል፤ አንዷም አልሞተችም።» ጣቱንም ወደ ኮሪደሩ ጣሪያ ቀሰረ።

ቀና ብዬ አየሁ። ስድሳ እንቅልፋሞች በመስመር ተደርድረዋል። የእያንዳንዳቸው ጎን ላይ ነጭ ገመድ ተሰክቷል። አዲስ ፕሮግራም በጫንን ቁጥር መሰላል ላይ ከመንጠልጠል ብለን ነው ሁሉንም በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ያገናኘናቸው። ታዲያ ያ ገመድ ፕሮግራም ብቻ አይደለም የሚያመጣው፤ ኃይልም ያመጣል።

«ስማ፣ የእነዚህን ባትሪ መቼ ነው የቀየርከው?»

«ቀይሬ አላውቅም፤ አላለቀም አልኩሽ እኮ።»

«ባትሪ አላቸው?»

መሰላሉን አምጥቶ ወጣና አንዷን ከፈታት። የባትሪው ቦታ ባዶ ነው። ቀጥሎ ያለችውም ባዶ ናት። አምስተኛዋ ላይ ሲደርስ ወርዶ መሰላሉ እግር ሥር ቁጭ አለ።

ሁለት ዓመት ሙሉ! አሥራ አራት የተማረ ሰው በየቀኑ በዚያ ኮሪደር እየተመላለሰ፣ የባትሪ ዕድሜ የምንለካው ባትሪ በሌላቸው መሣሪያዎች ነበር። ሦስት ዓመት የሚለው ቁጥር ከወረቀት ስሌት የመጣ ነው፤ ስሌቱም አቀባይዋ ሁልጊዜ ወዲያው ትመልሳለች ብሎ ያስባል። ጤና ጣቢያው ውስጥ ግን በፍሪጁና በአቀባይዋ መካከል የብረት ቁም ሣጥን ገብቷል። መልስ ያልሰማች እንቅልፋም ደግሞ አትተኛም። ደጋግማ ትጣራለች፣ ነቅታ ትጠብቃለች፣ እስክትሞት ድረስ።

እንቅልፋሟ ከሞተች በኋላም ቁጥሮቹን ለጤና ጣቢያዎቹ የሚያሳየው ስክሪን ለምን አራት ሲል እንደሰነበተ ቆጣቢው አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም።

ፕሮፌሰሩ ቢሮ ስገባ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ ነበር። ሥራውን ወደ አርባ ጤና ጣቢያዎች ለማስፋት በሚቀጥለው ሳምንት ገለጻ አላቸው። ገመዱንም፣ ባዶውን የባትሪ ቦታም፣ የእህቴንም ጉዳይ አንድ ትንፋሽ ሳልወስድ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ ይህ ምርምር ነው እኮ» አሉኝ በለስላሳ ድምፅ። የሚያናድደኝ ይኸው ልስላሴያቸው ነው። «ስምምነታችን ላይ ‹ለጥናት ብቻ› ተብሎ ተጽፏል። በእሱ ሰው ይቅጡበት አላልንም።»

«ለጥናት ብቻ ከሆነ ‹ከእንግዲህ በደብተር መመዝገብ ቀረ› የሚል ፖስተር በየፍሪጁ ላይ ለምን ለጠፍን? እህቴ ፖስተሩን ችላ ብላ ደብተሯን ባትይዝ ኖሮ ዛሬ ምን ይዛ ትከራከር ነበር?»

«እሱ የአስተዳደር ጉዳይ ነው።»

«ፕሮፌሰር፣ ሰው ባልሠራችው ጥፋት ልትባረር ነው! ሐሰተኛ ተብላ!»

መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ያቺን የፕሮግራም መስመር የጻፈው ማን ነው?» አሉኝ።

የጻፍኳት እኔ ነኝ። እንግዶች የመጡ ዕለት ነው። ሁለት መሣሪያዎች ዘግይተው ስክሪኑ ላይ ሁለት ሣጥኖች ባዶ ሆኑ። እኚሁ ሰው «እንግዳ ፊት ባዶ ቦታ ያሳፍራል፤ አንድ ነገር አድርጊ» አሉኝ። በሩብ ሰዓት ውስጥ አደረግኩ፦ አዲስ መልእክት ካልመጣ የመጨረሻውን ቁጥር አሳይ፣ «ደህና ነው» የሚለው አረንጓዴ ምልክትም እንደበራ ይቆይ። እንግዶቹ አጨብጭበው ሄዱ። መስመሯን ነገ አጠፋታለሁ አልኩ፤ ያ ነገ ሳይመጣ ቀረ።

«ሐሙስ ኮሚቴው ፊት እቀርባለሁ» አልኳቸው።

«ከሄድሽ በራስሽ ስም ነው። ስትመለሺ ወንበርሽ ይጠብቅሻል ብዬ ግን ቃል አልገባም።»

በሩን እንዴት አድርጌ እንደዘጋሁት ሕንፃው ሁሉ ሰምቷል።

ሐሙስ የጤና ጣቢያው መሰብሰቢያ ክፍል ውስጥ አምስት ሰዎች ተሰይመዋል። ሥራ አስኪያጁ መሐል ላይ ነው፤ ሻዩ አጠገቡ ይጨሳል። ፊት ለፊቱ ከእኛ የኢንተርኔት ገጽ የታተመ ግራፍ ዘርግቷል፤ ከዓርብ እስከ ሰኞ በማስመሪያ የተሠመረ የመሰለ ቀጥ ያለ መስመር። ፍሪጅ እኮ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ ሞተሩ ሲነሣና ሲጠፋ ከፍ ዝቅ ይላል። ያን ቀጥ ያለ መስመር አይቶ «ይህ ነገር በሕይወት አለ?» ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም።

«ሲስተር፣ ማሽን አያዳላም» አላት እትዬን። «ማሽን አይደክመውም፣ አይረሳም።»

እትዬ ደብተሯን በሁለት እጇ ይዛ «እኔ ያየሁትን ነው የጻፍኩት» ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣትም። አንጀቴን በላችው። ተነሣሁ።

ከፍሪጁ ያወጣኋትን እንቅልፋም አዲስ ባትሪ አግብቼባት ይዣት ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳት። ሥራ አስኪያጁ ገጹን በራሱ ኮምፒውተር እንዲከፍት ጠየቅኩት። ሃያ አንድ ዲግሪ፣ አረንጓዴ። የክፍሉ ሙቀት ነው። ከዚያ ሁለቱንም ባትሪዎች አውጥቼ መዳፉ ላይ አኖርኩለት። ባዶዋን መሣሪያ ደግሞ ሻዩ ውስጥ ጨመርኳት።

«ምን ማድረግሽ ነው!»

«ሃያ ደቂቃ እንጠብቅ» አልኩ። «እስቲ ማሽኑ ይናገር።»

አጉረመረሙ፤ ግን ጠበቁ። ሃያ ደቂቃው ሲሞላ ስንት እንደሚል ጮክ ብሎ እንዲያነብልን ጠየቅኩት። ባትሪዎቹ አሁንም በእጁ ናቸው። መሣሪያዋ ብርጭቆው ውስጥ እንደተዘፈዘፈች ናት።

«ሃያ... አንድ ዲግሪ» አለ። «አረንጓዴ።»

የኮሚቴውን ጸሐፊ ሳቅ አመለጣት። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቀም፤ ግራፉን አንሥቶ አየው። «እንዲህ ያለ ነገር የሚሠራው ምን ዓይነት ሰው ነው?» አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «መስመሯን የጻፍኳት እኔ ነኝ። እህቴ እውነቷን ነው። ውሸታሙ ስክሪኑ ነው፤ ውሸቱን ያስተማርኩት ደግሞ እኔ ነኝ።»

እትዬ ዞር ብላ አየችኝ። ይህን አልነገርኳትም ነበር።

ክሱን እዚያው ሰረዙት። ይቅርታ ያላት ግን የለም፤ ሥራ አስኪያጁ «ጉዳዩ ተዘግቷል» ብቻ ብሎ ወጣ። ልከተለው ስንደረደር እትዬ ክንዴን ይዛ ኮሪደር ላይ አስቀረችኝ። ታቅፈኛለች ብዬ ነበር።

«በፊት ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሬ እየመጣሁ ፍሪጁን አየው ነበር» አለችኝ። «ተረኛ ባልሆንም እመጣ ነበር። አንቺ መሣሪያሽን ካስቀመጥሽ ወዲህ ተውኩት። ቅዳሜ ዕለት መብራት ሄዶ ሲመለስ ፍሪጁ ሳይነሣ ቀርቶ ኖሯል፤ እኔ ግን ስልኬን ከፍቼ አየሁ፤ አራት ይላል። እሑድም አየሁ። አንቺ የሠራሽው ነው ብዬ አመንኩት። ባዶ ቢሆንብኝ ኖሮ ሮጬ እመጣ ነበር።»

ክንዴን ለቀቀች።

«የሌሎቹስ?» አለች።

«የምን ሌሎች?»

«አሥራ አንድ ነው ያልሽኝ። የሌሎቹ ፍሪጆችስ?»

ሦስት ቀን ሙሉ ስጮኽ፣ በር ስደበድብ፣ ለእህቴ ስንገበገብ ከረምኩ እንጂ ይህን አንዴም አላሰብኩትም። የከፈትኩት የእሷን መዝገብ ብቻ ነው።

ቢሮ ስደርስ ፕሮፌሰሩ ኮሪደር ላይ ቆመዋል፤ እንዳላየኋቸው አልፌ ገባሁ። ወንበሬ ገና ቦታው ላይ ነው። ያቺን መስመር ፈልጌ አጠፋኋትና ገጹን እንደገና ከፈትኩ። የእትዬን ሳልቆጥር ከቀሩት አሥር ሣጥኖች ሰባቱ ባዶ ሆኑ። አንዱ ከተናገረ ሃያ ስድስት ቀኑ ነው። ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ ሕፃናት ከዚያ ፍሪጅ ሲከተቡ ከርመዋል፤ በውስጡ ስንት ዲግሪ እንደነበር የሚያውቅ ግን የለም።

ቆጣቢው ከኋላዬ ቆሞ ያያል። ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ስልኩን አወጣ። እኔም የቢሮውን ስልክ አነሣሁ።

«ሄሎ፣ ጤና ጣቢያ ነው? ስክሪኑን ተዉት። ሂዱና ፍሪጁን ከፍታችሁ በዓይናችሁ እዩ።»