ወይዘሮ አበዛሽ ላንድሮቨሩ ላይ የወጡበት ቀን

ጽናት ወንዳፈራሁ ኅዳር ስምንት ቀን ራቤል፣ ወላጆቿ ቤት ስትገባ በአንድ እጇ የመፍቻ ሳጥን፣ በሌላው እንደ ገመድ የተጠቀለለ የመዳብ ቱቦ ይዛ ነበር። ዓለም ከተማ በመካኒክነት መሥራት ከጀመረች ስምንት ዓመቷ ነው። ሥራዋን ትታ እንድትመጣ ያደረጋት የእናቷ ስልክ ነው።

«እህቴ አስካለ ማርያም ታማለች አሉኝ» ብለዋት ነበር ወይዘሮ አበዛሽ። «ዓይኗም እየደከመ ነው። ለሚካኤል ካላየኋት እንግዲህ መቼ ላያት ነው?»

እመት አስካለ ማርያም የሚኖሩት ከጓሳ ሣራማ ደጋ ማዶ፣ አውቶብስ በማይደርስበት አገር ነው። ወይዘሮ አበዛሽ ድሮ በበቅሎ ይሄዱ ነበር። ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ግን ኮርቻ ላይ መቀመጥ አልቻሉም፤ እህትማማቾቹ ከተያዩ አራት ዓመት አለፋቸው።

መኪናስ ግቢው ውስጥ ቆሟል። የጽናት አባት አቶ ወንዳፈራሁ በጎልማሳነታቸው የክትባት ሠራተኞችን ጭነው መንዝን፣ ግሼንና መርሐቤቴን ያዳረሱበት አሮጌ ላንድሮቨር ነው። መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲሸጠው እሳቸው ገዙት። ከሁለት ዓመት በፊት የጓሳን ዳገት ሲወጡ ግን ከኮፋኖው ሥር እሳት ተነሣ። አፈር አልብሰው አጠፉት፤ ቀኝ እጃቸው ተቃጠለ። ፊትም ሽታው አስፈርቷቸው የማይሳፈሩበት ወይዘሮ አበዛሽ የተቃጠለውን እጅ ቅባት እየቀቡ፣ «ይህ መኪና ቤንዚን እየሸተተ ብሳፈርበት፣ ሚካኤል ይታዘበኝ» ብለው ማሉ። መኪናው ደግሞ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲያ ሳይሸት የዋለበት ቀን የለም።

በማግስቱ ጠዋት ጽናት ባትሪውን ፈታች፤ ታንኩ ውስጥ የቀረውን ቤንዚን በጀሪካን አወጣች፤ ከዚያ መሬት ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ዘርግታ መኪናው ሥር ገባች። አባቷ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ያላጠበቅሁት ዳዶ የለም» አሉ። «በረዥሙ መፍቻ፣ በሙሉ ጉልበቴ ነው ያጠበቅሁት። በዚያ ላይ ክር ጠቅልዬበታለሁ፤ ሳሙናም ለቅልቄበታለሁ። ከዚህ ወዲያ ምን ይደረጋል?»

ጽናት አንዱን ዳዶ ከፓምፑ ላይ ፈታችና ቱቦውን ይዛ ወጣች። ጫፉን በጨርቅ ጠርጋ አሳየቻቸው። እንደ ጥሩምባ የተከፈተው የቱቦው አፍ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቋል።

«ቤንዚኑን የሚይዘው የዳዶው ጥርስ አይደለም፣ አባዬ። የሚይዘው ይህ የቱቦው አፍ ነው። ፊት ለፊቱ ካለው ሾጣጣ ብረት ጋር ልክ ሲገጥም ጠብ አይልም። የዳዶው ሥራ ማስጠጋት ብቻ ነው። ከልክ በላይ ሲጠብቅ መዳቡ ይሳሳና ይሰነጠቃል።»

አቶ ወንዳፈራሁ ቱቦውን ተቀብለው በጣታቸው ዳሰሱት። «እንግዲያው እጄን ያቃጠልሁት እኔው ነኛ» አሉ።

«ቱቦውም አርጅቷል» አለች ጽናት።

«አታባብዪኝ። ሃምሳ ዓመት ነድቻለሁ፤ በየሄድሁበት ሳጠብቅ ነው የኖርሁት።» ተነሥተው ወደ አውድማው ሄዱ። ጽናትም ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

አዲሱን ቱቦ በአሮጌው ልክ ቆረጠች። ጫፉ ደርቆ እንዳይሰነጠቅ ከቤቱ ጀርባ፣ ከቤንዚኑ ርቃ፣ ከሰል አቀጣጥላ እስኪቀላ አሞቀችውና አቀዘቀዘችው። ዳዶውን አስቀድማ አስገብታ፣ የቱቦ አፍ መክፈቻ መሣሪያዋን ገጥማ ቀስ እያለች ማዞር ጀመረች። የመጀመሪያው አፍ ወደ አንድ ጎን ተጣመመ። ቆርጣ ጣለችው። ሁለተኛውም ስንጥቅ አወጣ፤ እሱንም ጣለችው። ሦስተኛው እንደ አበባ እኩል ተከፈተ። ከዚያ በኋላ እጇ ለመደ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ወንዳፈራሁ ተመለሱ። ጃኬታቸውን አውልቀው ከመኪናው አጠገብ ተንበረከኩ።

«ምን ልያዝልሽ?»

«ይህን መፍቻ ይያዙልኝ። እኔ ዳዶውን ሳዞር መጋጠሚያው አብሮ እንዳይዞር እርስዎ ያቁሙት።»

ጠባሳ በያዘው እጃቸው አቆሙላት። እሷ ዳዶውን መጀመሪያ በጣቷ እስኪቆም አዞረችው፤ ከዚያ በአጭሩ መፍቻ ጥቂት ጨመረችና ተወችው። አባቷ ዓይናቸው አላመነም።

«በቃ?»

«በቃ።»

አባትና ልጅ እንዲህ እየተጋገዙ እስከ ማግስቱ ቀትር ሠሩ። ቱቦው ሻሲው ላይ እየተፋተገ እንዳይበላ በየክንዱ ጎማ አልብሰው አሰሩት። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ መዳቡን እንዳይሰብረው፣ ከፓምፑ በፊት ቤንዚን የሚችል አጭር የጎማ ቱቦ አስገቡ።

ቤንዚኑ ወደ ታንኩ ሲመለስ ጽናት የፓምፑን እጀታ በእጇ እየገፋች መስመሩን ሞላችው። ከዚያ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ አምጥታ ለእናቷ ሰጠቻቸው።

«አንቺ ነሽ የምትፈትሺው፣ እማዬ። ከአንቺ አፍንጫ የሚያመልጥ የለም።»

ወይዘሮ አበዛሽ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀረቡ። መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ጠረጉ። ካርቡራቶሩ ዘንድ ሲደርሱ ጨርቁን አሸተቱና ራሳቸውን ነቀነቁ። «እዚህ አለ።»

እውነትም የጤፍ ፍሬ የምታህል እርጥበት ነበረች። አቶ ወንዳፈራሁ እጃቸው ወደ ረዥሙ መፍቻ ሄደ። ያዙት፤ ጥቂት አሰቡና መልሰው አስቀመጡት። «ፍቺው» አሉ።

ጽናት ፈታችው። ሾጣጣው ብረት ላይ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ተቀምጣለች። ጠርጋ ገጠመችው፤ እጀታውን እንደገና ገፋች። ወይዘሮ አበዛሽ ጠረጉ፣ አሸተቱ፣ ደግመው አሸተቱ።

«ደርቋል» አሉ። ቤት ገብተው ለእህታቸው የሚወስዱትን ቆሎና ጋቢ ማዘጋጀት ጀመሩ።

ኅዳር አሥራ አንድ ቀን ውርጩ ሲለቅ ተነሡ። አቶ ወንዳፈራሁ መሪውን ያዙ፤ ወይዘሮ አበዛሽ ጋቢና ተቀመጡ፤ ጽናት የእሳት ማጥፊያ ታቅፋ ከኋላ ሆነች። ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ተነሣ። ገብስ የሚያጭዱ ጎረቤቶች ማጭዳቸውን ይዘው ቀና አሉ፤ አንዳንዱም አማተበ።

ዳገቱን አጋምሰው ያ እሳት የተነሣበት ጠመዝማዛ ጋ ሲደርሱ ወይዘሮ አበዛሽ፣ «አቁም» አሉ።

አቶ ወንዳፈራሁ ፍሬን ይዘው ሞተሩን አጠፉ። ጎማው ሥር ድንጋይ ተደረገ። ጽናት ኮፋኖውን ከፈተችው፤ ከሞተሩ የሚወጣው ሙቀት በቀዝቃዛው አየር ላይ ተንቀጠቀጠ። እናቷ ነጩን ጨርቅ ከመቀነታቸው አወጡ። ከፓምፑ ጀምረው እስከ ካርቡራቶሩ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ዙሪያውን ጠረጉ። ጨርቁን ወደ ፀሐይ ዘርግተው አዩት፤ አቧራ እንጂ እርጥበት የለበትም። አፍንጫቸው ላይ አድርገው ረዥም ትንፋሽ ሳቡ።

«እንዲህም ይሠራ ኖሯል» አሉ ቀስ ብለው። ወደ ባላቸው ዞሩ። «ምን ትጠብቃለህ? ንዳ እንጂ።»

አቶ ወንዳፈራሁ ሳቁ፤ ከእሳቱ ወዲህ ጽናት እንዲያ ሲስቁ አልሰማቻቸውም። በሁለተኛ ማርሽ ዳገቱን ጨረሱት። ላይ ሲወጡ ጓሳው ከፊታቸው ተዘረጋ፤ ሣሩ በነፋስ ይተኛል፣ ይነሣል። በፈረስ የሚሄዱ ሁለት የሣር ጠባቂዎች መንገድ ለቀቁና ኮርቻቸው ላይ እንዳሉ ቆመው እስኪያልፉ አዩዋቸው። ወይዘሮ አበዛሽ በመስኮት እጃቸውን አወጡና እንደ ባለሥልጣን ሰላምታ ሰጡ።

እመት አስካለ ማርያም ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ነበር። የእህታቸውን ድምፅ ሲሰሙ ተንደርድረው ተነሡ፤ ተቃቅፈው ብዙ አለቀሱ።

«በምን መጣሽ? በቅሎ አትችይ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ።

«በወንዳፈራሁ መኪና።»

«ያ የተቃጠለው?»

«እሱው። ልጄ አዳነችው።»

እመት አስካለ ማርያም እጃቸውን ዘርግተው የጽናትን መዳፍ ፈለጉና ሥራ ያተረፈላትን ጠባሳ፣ የደረቀውን ዘይት፣ ሁሉንም ዳሰሱ። ከዚያ ያንን መዳፍ ሳሙት።

በማግስቱ መኪናው ሁለቱን እህትማማቾችና ሦስት አሮጊቶችን ጭኖ ቤተ ክርስቲያኑ ያለበትን ጉብታ ወጣ። ምእመኑ በእልልታ ተቀበላቸው። ከበዓሉ በኋላ እመት አስካለ ማርያም፣ «ራቤል ሐኪም አለ አይደል? እኔም አብሬያችሁ እሄዳለሁ» አሉና ጓዛቸውን አስጫኑ።

አቶ ወንዳፈራሁ በሩን ከፍተው መሪው ጋ ከመግባት ይልቅ ቆሙ። «አንቺ ንጂ» አሏት ልጃቸውን፤ እሳቸው ከኋላ ወጥተው በጓዙ መካከል ተቀመጡ።

ጽናት ሞተሩን አስነሥታ ጓሳውን መልሳ ተያያዘችው። ጋቢና የተቀመጡት እህትማማቾች የአራት ዓመት ወሬ ስለነበረባቸው የሞተሩ ድምፅ እንኳ አልሰማ አለ።