ጥፋተኛዋ ጣቴ

ትልቁ ልጄ ኢንጂነር ነው። የሚሠራው ሕንፃ ነው፤ ደወል ሠርቶ አያውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ የሆነውን ለመረዳት ስለሚጠቅም ነው።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል ላቦራቶሪ ደም ስመረምር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አምና ታምሜ ከተነሣሁ ወዲህ ጣቶቼ መንካት እንጂ መጫን አይችሉም። ከወር በፊት ከአልጋዬ ወድቄ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ወለሉ ላይ ተኛሁ። የግድግዳውን ሰዓት እያየሁ ነው የቆጠርኩት። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ፣ ሴቷ ልጄ ምድር ቤት፣ እኔ ፎቅ ላይ። ድምፄም እንደ ጣቴ ሰነፍ ሆኗል፤ ደረጃ አይወርድም።

ከዚያ በኋላ ኢንጂነሩ ፈረደ።

«እማዬ፣ ወይ ወለል ላይ ሆነሽም የምትጠሪበት ደወል ይኖርሻል፣ ወይ እኔ ቤት ትገቢያለሽ። እስከ እሑድ።»

እሱ ቤት ያዘጋጀልኝን ክፍል አይቼዋለሁ። መስኮቱ ፊት ለፊት የጎረቤት ግድግዳ አለ። አልጋው የተዘረጋው በመሮጫ ማሽንና ባልተከፈቱ ሦስት ካርቶኖች መካከል ነው። አራተኛዋ ካርቶን እኔ መሆኔ ነው። የእኔ መስኮት ግን መንገዱን ያያል፤ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ ከአረማመዳቸው አውቃለሁ።

ደወሉን ራሱ ሊሠራው ተነሣ። ረቡዕ ዕለት ዕቃውን ከነባትሪው ይዞ መጣ። አንዷ ሳንቲም የምታህል ሴንሰር ናት፤ ሲነኳት ትንሽ ቀይ መብራት ታበራለች። አልጋዬ እግር ላይ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ ለጠፋት። ሌላው ሪሌ የሚሉት ሰማያዊ ሳጥን ነው። ሪሌው ሲነቃ «ቀጭ» ይልና ምድር ቤት ያለውን ትልቅ ደወል ያስጮኸዋል። ኢንጂነሩ የሴንሰሯን መውጫ ሽቦ በቀጥታ ሪሌው ላይ አሰረው።

«ንኪ» አለኝ።

ነካሁ። መብራቷ ፈዘዝ ብላ በራች። ሪሌው ዝም።

«በደንብ ንኪ እንጂ!»

በደንብ ነካሁ። መብራቷ በራች፤ ሪሌው ዝም።

«እጅሽ ደርቋል» አለ።

«ጋሼ፣ መብራቱ እኮ እየበራ ነው» አለች ልጄ።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ያወቅሽው? ይሄ ሙያ ነው፤ ይልቅ ውሃ አምጪ።»

እጄ በውሃ ተነከረ። ዝም። ቅባት ተቀባ። ዝም። ወደ ግራ እጄ ተዛወርን። ዝም።

«ዕድሜ ሲገፋ የሰውነት ኤሌክትሪክ ይቀንሳል» አለ።

«የት አነበብከው?»

«የታወቀ ነገር ነው፣ እማዬ።»

ላቦራቶሪ ውስጥ «የታወቀ ነገር ነው» የሚለኝ ሠራተኛ ሲያጋጥመኝ ናሙናውን እንደገና እመረምር ነበር።

«እስቲ አንተ ንካው» አልኩት። ነካ። ዝም።

«የእኔን ደግሞ ሲሚንቶ በልቶታል» አለና መዳፉን ገልብጦ አየው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ፤ የእኔ ልጅ ዳውላውን ጨርሶ የራሱን እጅ መምታት ጀመረ።

ሐሙስ ጠዋት ደብተሬን አወጣሁ። ሃያ ጊዜ ነካኋት፤ አሥሩን በደረቅ ጣት፣ አምስቱን በእርጥብ፣ አምስቱን በክርኔ። መብራት ሃያ፣ ቀጭታ ዜሮ። ጣቴ ነፃ ወጣች። ቀጥሎ ልጄ ሪሌውን ነቅላ ባትሪው ላይ አስነካችው። ቀጭ! እሱም ጤነኛ ነው። በመጨረሻ ሪሌው ተነቅሎ ሳለ ሴንሰሯን ብቻዋን ነካኋት፤ መብራቷ ደመቀች። መልሰን ስናስረው ፈዘዘች። ጻፍኩ፦ «ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ደካማዋ ከአቅሟ በላይ ተሸክማለች።»

ለኢንጂነሩ ደውለን አነበብኩለት።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ደም አይደለም» ብሎ ሳቀ። «ሌላ ሴንሰር አዝዣለሁ። በወሩ መጨረሻ ይደርሳል።»

«እሑድስ?»

«እሑድማ ትገቢያለሽ። ካርቶኖቹን አስነሣልሻለሁ።»

ቅዳሜ ልጄ የሰፈራችንን ሬዲዮ ጠጋኝ ጠርታ አመጣች። ቀጭን ስለሆነ ሰፈሩ «ሽቦ» ይለዋል። ሽቦ ዕቃውን ከመንካቱ በፊት ደብተሬን አነበበ።

«ማን ነው የጻፈው፣ እማማ?»

«እኔ።»

«እንግዲያው ግማሹን ሥራ ጨርሰውልኛል።» በመለኪያው ነካ ነካ አደረገ። «ይህቺ ሴንሰር ብታወጣ አራት ሚሊአምፔር ነው። ሪሌው ለመነሣት ሠላሳ ይፈልጋል። እሷ ታንሾካሹካለች፤ እሱ ካልጮኹበት አይነቃም።»

«ታዲያ ማን ይጩህበት?»

ከኪሱ ሦስት እግር ያላት፣ ምስር የምታህል ነገር አወጣ። «ይህቺ ትራንዚስተር። የሴንሰሯን ሹክሹክታ ትሰማና ጉልበቱን ከባትሪው ወስዳ ትጮህበታለች።» በሁለቱ መካከል ሴንሰሯን ከጫና የሚጠብቅ ሬዚስተር በየደ። ሪሌው ላይ ደግሞ አንዲት ዳዮድ አጋደመበት።

«ይሄስ ለምንድን ነው?»

«ሪሌ ሲለቁት ይራገጣል፣ እማማ። ይህቺ ባትኖር ትራንዚስተሯን ይገድላታል።»

ለማስነሣት የሚከብድ፣ ሲለቁት የሚራገጥ። የማውቀው ሰው መሰለኝ።

«ቀድሞ የገጠመው ማነው?»

«ኢንጂነር ነው።»

«ጠርጥሬ ነበር» አለ ሽቦ።

ጣቴን አስነካሁ። ቀጭ! ደወሉ ከታች አምባረቀ፤ ውጭ ያለ ውሻም መለሰለት። ልጄ አፏን ይዛ ሳቀች። እኔ ግን ማልቀስ ቃጥቶኝ ነበር፤ ለሽቦ ቅባቱ ዓይኔ ገብቶ ነው አልኩት።

እሑድ ኢንጂነሩ የዕቃ መኪናና ሁለት ተሸካሚዎች ይዞ መጣ። ምንም ሳልናገር ሴንሰሯን ነካሁ። ቀጭ! ደወሉ ጮኸ። አልጋዬን ለማንሣት ያጎነበሰው ተሸካሚ ደንግጦ ቀና አለ።

ኢንጂነሩ ጣቴን ገልብጦ አያት። «አየሽ? ቅባቱ! ነግሬሽ አልነበር?»

እኅቱ አፏን ልትከፍት ስትል በዓይኔ ከለከልኳት።

«አንዴ መሥራቱ ማስረጃ አይሆንም» አልኩት። «ሃያ ጊዜ እንሞክረው። አንተ ምድር ቤት ሁንና በሰማህ ቁጥር ወጥተህ ንገረኝ።»

«ከታች ብጮህስ?»

«ጆሮዬም ደክሟል፣ ልጄ። ዕድሜ ነው።»

ደረጃው ሃያ አራት ነው። በአምስተኛው ምልልስ ኮቱን አወለቀ። በዘጠነኛው «ሰምቻለሁ» የሚለው ቃል ለሁለት ተከፈለ። በአሥራ አራተኛው በሩን ተደግፎ ቆመና «እማዬ፣ በቃ! ይሠራል! እዚሁ ኑሪ!» አለ። አንድ በአንድ ጻፍኩ። ተሸካሚዎቹን ሊያሰናብት ወረደ።

በመስኮቴ እሰማዋለሁ። «እኔው ነኝ የሠራሁት» ይላቸዋል፣ አሁንም እያለከለከ። «ዋናው ምስጢር የቅባቱ ዓይነት ነው።»

ጣቴን ወደ ሴንሰሯ ዘረጋሁ። ከሃያው ገና ስድስት ይቀረን ነበር።